የብዕሬ ጫፍና የበቱል ኒካ

ሻዕባን 6፣ ዓርብ

ለኦምዱርማን ሕዝብ በሙሉ፣ ለቅርብም ለሩቅም፣ ለሰማም ላልሰማም ይድረስ፦ ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሰፈሩ የኒካ ጸሐፊ የሼኽ ኑረዳይም ብዕር ከጌታዋ እጅ አምልጣ፣ ሲሚንቶው ላይ በአፍጢሟ ተደፍታ፣ የወርቅ ጫፏ ተጣሟል። የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ለጊዜው ተላልፏል። ለቅሶ የምትደርሱ ሻይ ቅጠል ይዛችሁ ኑ፤ የኛ አልቋል።

አሁን እንደ ሰው ልጻፍ።

ሐጂ አወድ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ቀን ሊያስቆርጥ መጥቶ ነበር። ልጁ ሙዕተሲም ታይፍ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነው። የዕረፍት ፈቃዱ ከረመዳን በኋላ ብዙም አይቆይም። ስለዚህ ኒካው ከኢድ ቀጥሎ ባለው ሐሙስ ይታሰራል፣ ከዚያ የልጅ ልጄን በቱልን ይዟት ይሄዳል። ሁሉም ተስማማ። እኔም ተስማማሁ። አባቷ ልጄ ከሞተ ወዲህ ወልይዋ እኔ ነኝ፤ እኔ ካልዳርኳት የሚድራት የለም። ቀኑን ወረቀት ላይ ላሰፍር ብዕሬን ከኪሴ አወጣሁ፣ ክዳኗን ፈታሁ፣ ሐጂ አወድ «ታይፍ እኮ ቅርብ ነው፣ ባሕሩን ሻገር ማለት ነው» አለ፣ ብዕሯ ወደቀች።

ሁለቱ ነገሮች ምንም ግንኙነት የላቸውም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ባለቤቴ ሱራ «ብዕሯ የወደቀችው ‹ታይፍ› ከመባሉ በፊት ነው በኋላ?» አለችኝ።

«እጄን አልቦኝ ነው።»

«አልቦህ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ይቺን ሴት የምፈራት ሌላ ሳትጨምር ስትቀር ነው።

የበቱልን እናትና አባት ያጋባሁት በዚች ብዕር ነው። አክስቶቿንም። የበቱልንም ኒካ በሌላ አልጽፍም፤ ይህን ለሐጂ አወድ በሽማግሌዎቹ ፊት ነግሬዋለሁ። ጫፏ ካልተሠራ ኒካ የለም።

«ይሠራላ!» አለ እየሳቀ።

እናያለን።


ሻዕባን 7

ገበያ፣ ፋኑስ ዘንድ። ፋኑስ የብዕር ሐኪም ነው። ክርስቲያን ነው፣ ከነአያቱ ግብጻዊ እየተባለ ይጠራል፤ እኔ ግን ከሱ የበለጠ የኦምዱርማን ሰው አላውቅም። ሱቁ ውስጥ እሱ ሲያስነጥስ ደንበኛው ደጅ ይወጣል፣ ያን ያህል ጠባብ ናት። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጫፏን አገላብጦ አየና፣

«ማን ደበደባት?» አለኝ።

«ራሷ ናት የወደቀችው።»

«ሁሉም ባል እንደዚህ ነው የሚለው።»

የብዕር ጫፍ መሃል ለመሃል ስንጥቅ አለው፣ ቀለሙ የሚወርድበት። ከስንጥቁ ወዲያና ወዲህ ሁለት ከንፈሮች አሉ። የኔዋ አንደኛው ከንፈሯ ሌላኛው ላይ ወጥቷል፣ እንደተቀየመች ሴት። ፋኑስ ከንፈሩን አቃናዋለሁ ይላል። የሚያሳስበው ጫፏ ላይ ያለችው፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንሰው ጠንካራ ነጥብ ናት። ወረቀት የምትነካው እሷ ናት። እሷ ከተሰነጠቀች ሌላ ጫፍ ነው መፈለግ።

ከጎኑ በረንዳው ላይ ሐሰቡ ልብስ ሰፊው መኪናውን ይረግጣል። ሰፈራችን ነው የሚኖረው፣ ከቤታችን ሦስተኛው ደጅ። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ሚስት የለውም፤ ለዚህ ሁሉ ዓመት የኔ መጫወቻ ነው።

«ሐሰቡ፣ ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮም ሼኼ፣ ልኬን አላገኘሁም።»

«የሰው ልክ ስትወስድ የራስህን ዘነጋኸው!»

እንደ ሁልጊዜው ሳቀ። ደግ ሰው ነው፣ ሁልጊዜ ይስቃል።


ሻዕባን 10

ሙቀት። እንቅልፍ የለም። አልጋዬን ወደ ግቢው አወጣሁ፣ መለስኩ፣ ደግሞ አወጣሁ።

ሙዕተሲም መጥቶ ነበር። ስገባ ይነሳል። ትራስ ያቀብለኛል። ስናገር አያቋርጠኝም። እንከን የሚወጣለት ልጅ አይደለም። ነገር ግን ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል። ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው ምን ደብቆ ይሆን?


ሻዕባን 15

ፋኑስ ከንፈሯን አቅንቷል። በለስላሳ ጉጠት ይዞ፣ ናስ ላይ እያንከባለለ፣ ትንፋሹን ውጦ። ነጥቧ ግን በአንድ በኩል ረግፋለች። በቀረችው ብጽፍ ወረቀቱን ትቀድደዋለች።

«ሌላ ጫፍ» አለ።

የሞቱ ብዕሮች የሚቀበሩበት መሳቢያ አለው። ውስጡን ሲያምስ ቆይቶ በልክ የሚገባ የወርቅ ጫፍ አገኘ። ችግሩ የአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ብዕር የነበረ ነው፤ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ ሲጽፍበት ኖሮ ጫፉ ለዚያ ተሞርዷል። እኔ ከቀኝ ወደ ግራ ስገፋው ይነክሳል። ስለዚህ ፋኑስ በድንጋይ ሰያፍ አድርጎ ይስለዋል፣ እኔ እጽፍበታለሁ፣ እሱ እጄን ያያል፣ ደግሞ ይስለዋል። ከበዛ ነጥቧ ታልቃለች፣ ካነሰ አትታዘዝም።

«ጊዜ ይፈልጋል» አለኝ።

ቤት መጥቼ «ጊዜ ይፈልጋል» አልኳት ሱራን።

«ምነው የምሥራች አስመሰልከው?» አለች።


ሻዕባን 24

ጫፉ ተሠርቶ መጣ። ይቧጥጣል። መለስኩት።

ከመመለሴ በፊት በቱል ከእጄ ነጥቃ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ስሟን ጻፈችበት። ሴት ተማሪዎች የምታስተምር ልጅ ናት፣ ጽሕፈቷ ያምራል።

«አባባ፣ ቅቤ እኮ ነው!»

«አንቺ እጅሽ ለስላሳ ነው። ኒካ የሚጻፈው በሽማግሌ እጅ ነው።»

ጋዜጣውን ትክ ብላ አየች፣ ከዚያ እኔን። «እሺ አባባ» አለች። ስሟን የጻፈችበትን ጠርዝ ቀድጄ ኪሴ ከተትኩት። ለፋኑስ ቧጨራውን ላሳየው። ሳላሳየው ረሳሁ።


ረመዳን 3

አሁን ቀለም ያበዛል። «ዐይን» የምትባለዋን ፊደል ስጽፍ ሆዷ ሞላ። ፋኑስ ከንፈሮቹን አቀራረበ።


ረመዳን 5

አሁን ቀለም ያሳንሳል። ፋኑስ ከንፈሮቹን አራራቀ። በንዴት በአፍንጫው ይተነፍስ ነበር።


ረመዳን 9

ሐጂ አወድ እኛ ዘንድ ሊያፈጥር መጣ። የማፍጠሪያውን መጠጥ፣ ሁሉሙሩን፣ ጠጥቶ ጥሙን ካበረደ በኋላ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሼኼ፣ የታችኛው ሰፈር ወጣቱ የኒካ ጸሐፊ አለ አይደል? በእስክሪብቶ ነው የሚጽፈው። ቁጭ ብድግ ነው። ያንተ ብዕር ካልደረሰች፣ ማለቴ…»

«የዶሮ ደረሰኝ ነው እንዴ የሚጻፈው?» አልኩት።

«እኔ የልጁ ፈቃድ እንዳያልፍ ብዬ ነው። ካለፈ ሥራው ይሄዳል። ሥራው ከሄደ ደግሞ ሁሉም ነገር…»

አልጨረሰውም። ሾርባ ጨመርኩለት።

ሲሄድ ሸኝቼው ስመለስ ሱራና በቱል ጓዳ ሆነው ሲያወሩ ሰማኋቸው። ላዳምጥ ብዬ አይደለም። ጫማዬን እያወለቅሁ ነበር፣ ጫማው አስቸገረኝ።

«ሐሙሱ ሊያልፍብኝ ነው» ትላለች በቱል።

«አያትሽ ብዕር እያሠራ አይደለም፣ የኔ ልጅ።»

«እና ምን እያሠራ ነው?»

እንደ መጣሁ ዝም አሉ። ሱራ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። የበቱል ፊት ትንሽ ከስቷል። ጾሙ ነው።


ረመዳን 15

ነገሩን ከሥሩ ላስቀምጠው፣ ምናልባት ሲጻፍ ያንሳል።

ከዐስር ሶላት በኋላ ፋኑስ ዘንድ ሄድኩ። ኡስታዝ ዘሩቅ፣ የወንዶቹ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ የራሱን ብዕር ሊወስድ ከአንድ እህል ነጋዴ ወዳጁ ጋር ተቀምጧል። ሐሰቡም ፀሐይዋ ስትከርርበት መኪናውን ትቶ ጥላ ሊጋራ ገብቷል። ፋኑስ ብዕሬን በሁለት እጁ አቀበለኝ።

«ስማ። ይሄ የመጨረሻው ነው። ዛሬም እንከን ካወጣህለት ድንጋዩን ቆርጥሜ እበላዋለሁ። እኔ እንደሆነ ጾም የለብኝም።»

«ምን ልጻፍበት?»

«ሌላውን ሰው ‹ሞክር› ስለው ስሙን ይጽፋል። አንተ ኒካ ጻፍ። ሥራህ እሱ ነው።»

ጻፍኩ። ቢስሚላሂን ጀምሬ፣ ምስጋናውን፣ እስከ ስሞቹ ባዶ ቦታ ድረስ። ብዕሯ ሄደች። ወደ ግራ ስገፋት ቀድማኝ የምትሄድ ነበር የምትመስለው። ቀለሙ አልበዛም አላነሰም። እንከን ፈለግሁላት። ወረቀቱን አዘነበልኩ፣ ብርሃን ላይ አየሁ። አጣሁ። አራቱም ፊቴን እያዩ ነው። ፋኑስ እጁን አጣጥፏል።

አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። እኔ ደግሞ የምለው ሲጠፋኝ ሐሰቡን ነው የምለው።

«ሐሰቡ፣ ና ተቀመጥ! ወረቀቱ አለ፣ ቀለሙ አለ፣ ምስክሮቹም ተሟልተዋል። የጎደለው ሙሽራ ብቻ ነው።»

«ማንን ሊድሩኝ ሼኼ?»

እጄን ዘረጋሁለት። «የልጅ ልጄን በቱልን። ድሬሃለሁ!»

እጄን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። «ተቀብያለሁ!»

ፋኑስ ሲስቅ ወንበሩ ተንቋቋ። ነጋዴው ሳቀ። ሐሰቡ ሳቀ። እኔም።

ኡስታዝ ዘሩቅ አልሳቀም።

«ሼኼ» አለ ቀስ ብሎ። «ስሟን ጠራህ እኮ።»

«ቀልድ ነው።»

«ወልይዋ አንተ ነህ። ምስክር የምንሆን እኛ ሁለት ነን። ሰውየው ‹ተቀብያለሁ› ብሏል። በኒካ ቀልዱም እንደ ምር ይቆጠራል ብለህ መስጊድ ውስጥ ያስተማርከን ራስህ አይደለህም?»

ነኝ። በየዓመቱ ጎረምሶቹን ሰብስቤ በዚህ ቃል እንዳትጫወቱ እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮውን እይዘው ነበር።

ሐሰቡ እጄን ገና አልለቀቀውም ነበር። ቀስ አድርጎ ለቀቀ።

አዛን ሲባል ተምር አፌ ውስጥ አደረግሁ። ፍሬውን ስመጥ አመሸሁ። ይህ ወሬ ሐጂ አወድ ጆሮ ከገባ ልጁን ይዞ መሄዱ ነው። በቱል ደግሞ ልብስ ሰፊ ያገባት፣ ልብስ ሰፊ የፈታት ተብላ ትቀራለች። በአያቷ ቀልድ።

ብዕሯ ኪሴ ውስጥ ናት። እንከን የላትም።


ረመዳን 16

ቃዲው ዘንድ ሄድኩ። የድሮ ወዳጄ ነው፣ ስለ ሌላ ሰው አስመስዬ ጠየቅሁት።

«ያ ሌላ ሰው አንተ ነህ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

ረጅም ጊዜ ጢሙን ያዘ። ቃሉ ያሥራል የሚሉ አሉ አለ። ልጅቷ ሳትጠየቅ አያሥርም የሚሉም አሉ። «እኔ ግን በጥርጣሬ ላይ ሌላ ኒካ አላስደርብም። ሰውየው በእነዚያው ምስክሮች ፊት በአንድ ቃል ይልቀቃት። ቤቱ አልገባችም፣ የምትጠብቀው ጊዜ የለም። ሐሙስህ አይነካም።»

ስነሳ፣ «ኑረዳይም፣ ከሰው ሁሉ አንተ?» አለኝ።

ጫማዬን አነሳሁ።


ረመዳን 17

ሐሰቡ ዘንድ። ጢሙን ተስተካክሏል!

«እንኳን ደህና መጡ አማቴ!» ብሎ በርጩማ አቀረበልኝ። ገበያው ሁሉ የሰማ መሰለኝ።

«ሐሰቡ፣ በአላህ፣ ድምፅህን ቀንስ።»

«ሱሪ ልስፋልዎት? ለቤተሰብ እንቀንሳለን።»

«ዛሬ መቀለድ አልችልም።»

«እኔም አልችልም ነበር፣ ዘንድሮስ እያሉ በመጡ ቁጥር» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው። ሁልጊዜ ይስቃል ብዬ ጽፌያለሁ መሰለኝ።

የቃዲውን ቃል ነገርኩት። መቀሱን አስቀመጠ።

«እለቃታለሁ። ግን ባል እንዳላት የማታውቅ ሴት አልፈታም። አስቀድመው ለበቱል ይንገሯት። እሷ ሐሰቡ ይልቀቀኝ ካለች በዚያው ቀን።»

«ለምን ይሄን ጣጣ ታመጣለህ?»

«እርስዎ ሲቀልዱ ማንንም አይጠይቁም። እኔ ልጠይቅ ብዬ ነው።»


ረመዳን 18

አልነገርኳትም። እንግዶች ነበሩ።


ረመዳን 19

አልነገርኳትም። ራሷን አሟት ነበር። ወይም እኔን።


ረመዳን 21

የአቧራው ማዕበል ከደቡብ ተነስቶ ከተማውን ዋጠው። በር ዘግተን፣ መስኮት ዘግተን፣ ጨርቅ ወትፈን ተቀመጥን። እሷም እኔም አንድ ክፍል። እንዲህ ያለ ዕድል። «በቱል» አልኳት።

«አቤት አባባ።»

«የውሃው ጋን ተከድኗል?»

«ተከድኗል።»


ረመዳን 23

ግቢውን ስዞር ሱራ «እግርህን አሳርፈው፣ መሬቱን ጨረስከው» አለችኝ። ለሷ ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ። ቀድማኝ «ለኔ አይደለም የምትነግረው» አለች። ምን እንደሆነ አታውቅም እኮ። ወይስ ታውቃለች? ይህች ከተማ ወሬዋ ከአባይ ሙላት ይፈጥናል። ዛሬ ውሃው ወደ ላይኛው የዳር ዛፍ ደርሷል አሉ። ወሬው የት ደርሶ ይሆን?

ፋኑስ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ጫፉስ?» አለኝ። «ደህና ናት» አልኩት። ደነገጠ። ከኔ አፍ ይህን ሰምቶ አያውቅም።


ረመዳን 25

ነገርኳት።

ከተራዊሕ ሶላት በኋላ ሻንጣዋ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፣ የገበያ ዕቃ እንደሚያራግፍ ሰው። ጨርሼ መሬት መሬት አየሁ።

«በስንት ሰው ፊት ነው የዳርከኝ?»

«በሁለት ምስክር። ፋኑስ ሲጨመር ሦስት።»

«ለሐሰቡ?»

«ለሐሰቡ።»

ሳቀች። ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች፣ ያጠፈችውን ልብስ አፏ ላይ አድርጋ። እኔም ልስቅ ስል አየኋት፤ ልብሱ ርሷል።

ተነስታ ፊቷን ጠራረገች። ወደ ደጁ እያየች፣

«የሐሰቡ ቤት ከኛ ሦስተኛው ደጅ ነው» አለች።

«ነው።»

«ታይፍ ሩቅ ነው።»

«ሐጂ አወድ ቅርብ ነው ይላል።»

«ብዕሯ ከሻዕባን ጀምሮ ደህና ናት። ፋኑስ ነግሮኛል።»

«ፋኑስ ስለ ብዕር ምን ያውቃል?»

አልሳቀችም። እኔ ጥሩ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

«አባባ፣ ኒካ ልትጽፍ ሰው ቤት ስትሄድ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው?»

«ሙሽሪትን እጠይቃለሁ። ወደ ጓዳ ገብቼ ትፈልጊዋለሽ ወይ እላታለሁ።»

«የሀገሩን ሴት ሁሉ ጠይቀሃል።» እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። «እኔን አልጠየቅኸኝም። ለሙዕተሲም ስትሰጠኝም፣ ለሐሰቡ ስትሰጠኝም።»

እውነት ነው። ሐጂ አወድ ጠየቀኝ፣ እኔ ሱራን ጠየቅኳት፣ ሱራ ትስማማለች አለችኝ። በቃ። ሥራዬ ሆኖ ሳለ የራሴ ቤት ውስጥ ሲሆን ጠፋኝ።

ጉልበቴ ቢንቋቋም ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ሥራዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«በቱል፣ ሙዕተሲምን ትፈልጊዋለሽ?»

«እፈልገዋለሁ። ሻዩን ያለ ስኳር ቢጠጣም።»

ማን ነገራት? ለማንም አልተናገርኩም። ወይስ በየቀኑ እናገር ነበር?

«ሐሰቡንስ?»

«ሐሰቡ ያሳዝነኛል። ይልቀቀኝ።» ወደ ልብሷ ተመለሰች። «ኒካዬን ደግሞ አንተ ነህ የምትጽፈው። በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ይዤ ባሕር አልሻገርም።»


ረመዳን 26

ፋኑስ ሱቅ፣ ያው ሰዎች። ኡስታዝ ዘሩቅና ነጋዴው እንደ ፍርድ ቤት ተቀመጡ። ሐሰቡ ንጹሕ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ መጣ።

«ጠየቋት?»

«ጠየቅኋት። ልቀቀኝ ትልሃለች።»

«ምን ብላ? ቃሏን እንዳለ።»

ሐሰቡ ያሳዝነኛል ማለቷን ዋጥኩት። «ደግ ሰው ነው ብላሃለች» አልኩ። ይህን አላለችም፣ ግን ብትጠየቅ ትለው ነበር።

ራሱን ነቀነቀ። «ፈትቻታለሁ» አለ። አንድ ቃል። ዘሩቅ አልሐምዱሊላህ አለ፣ ነጋዴው ምንም አልሰማሁም አላየሁም ብሎ ማለ።

ፋኑስ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ጉድ ነው ያላችሁ» አለ። «እኛ ዘንድ በቀልድም አይታሰርም፣ በምርም አይፈታም!»

ሁላችን ሳቅን። ሐሰቡም። ከዚያ ወደ በረንዳው ወጣ፣ መኪናውን ሲረግጥ ይሰማኛል። ስወጣ አየሁት፤ ከመርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም።

«ሐሰቡ» አልኩት።

«አቤት ሼኼ።»

የማስበው ቀልድ ሁሉ ጠፋኝ። «ሱሪው በስንት ቀን ይደርሳል?»

«ለእርስዎ በሁለት።»

«ስፋልኝ።»

ልኬን ሲወስድ ዝም ብዬ ቆምኩለት። እንደዚህ ዝም ብዬ የቆምኩበትን ጊዜ አላስታውስም።


ሸዋል 3፣ ሐሙስ

አሠርኩት።

ግቢው ሙሉ ሰው። መጀመሪያ ጓዳ ገብቼ ጠየቅኳት፣ እንደ ወጉ፣ ምስክሮቹ እየሰሙ። ሂና እግሯን ሞልቶታል። «እፈልገዋለሁ» አለች ጮክ ብላ፣ ሱራ እልል አለች። ወጥቼ ተቀመጥኩ። የሙዕተሲም እጅ በእጄ ውስጥ ነበር፤ ቀዝቃዛ፣ የፈራ ሰው እጅ። ያን ጊዜ ትንሽ ወደድኩት። ቃሉን ቀስ ብዬ፣ አጥርቼ፣ ሳልስቅ አልኩ። «ተቀብያለሁ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ።

ከዚያ ጽሕፈቱ። ፋኑስ ከኋላ መስመር፣ ከክርስቲያን ወዳጆቻችን ጋር ቆሞ፣ አንገቱን አስግጎ ጫፉን እንጂ ሙሽራውን አያይም። ሐሰቡ በር ላይ ስኳር ያድላል።

ጥሩ ሄደ። የሙዕተሲምን ስም ከነአያቱ ጻፍኩ። የበቱል ስም ጋ ስደርስ ቀለም ነጠፈ። ብዕሯን አራገፍኳት፣ ጠበቅሁ፣ ደግሞ አራገፍኳት። ሐጂ አወድ እህ እህ ብሎ ሳለ። ሕፃን አለቀሰ፣ አባበሉት። ከብዙ ቆይታ በኋላ ቀለሙ መጣ፣ ስሟን ጻፍኩ፣ ፈረሙ፣ አለቀ። ተምር ተበተነ።


ሸዋል 9

ትናንት ሄዱ። አየር ማረፊያው ድረስ ሸኘኋቸው። ዛሬ ጠዋት ከልማዴ «በቱል፣ መነጽሬ!» ብዬ ተጣራሁ። ሱራ መነጽሩን አምጥታ አፍንጫዬ ላይ ሰካችልኝ።

ከቀትር በኋላ ፋኑስ አጉሊ መነጽሩን ኪሱ ከቶ እስከ ቤቴ መጣ። እንዲህ ባለ ፀሐይ ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም።

«አምጣት» አለኝ።

«ማንን?»

«ብዕሯን። ሰው ሁሉ ፊት ቀለም ነጠፈባት። ስሜ ጠፍቷል፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።»

ሰጠሁት። መስኮቱ ጋ ቆሞ አየ፣ ነቀላት፣ አጠባት፣ ገጠማት፣ በኔ ወረቀት ላይ እሱ በማያውቀው ጽሕፈት ክብ ክብ ሠራ፣ ሠራ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«ምንም የለባትም።»

«ወረቀቱ ይሆናል እንግዲህ» አልኩት። «የመንግሥት ወረቀት ዘንድሮ ቀለም አይቀበልም።»

እፎይ ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። አመነኝ። ብዕርን እንጂ ሰውን መመርመር አይችልም።

እዚህ ግን ልጻፈው፣ ከዚህ ወዲያ የማታልለው ሰው ቤት ውስጥ ስለሌለ። ከላይ ያሰፈርኩት ሁሉ እንዳለ ነው፤ የሸዋል ሦስቱ ቀለም ብቻ የራሴ ፈጠራ ነው። ቀለም አልነጠፈም። ጫፉ ላይ ሞልቶ፣ ሊወርድ ደርሶ፣ ወረቀቱን ከመንካቱ በፊት እጄን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ማራገፉም ለይስሙላ ነበር፣ ክዳኗን በግማሽ መልሼባት ነው ያራገፍኩት። ስሟ እስኪጻፍ ድረስ የኔ ቤት ልጅ ናት። ሐጂ አወድ ቢስል ይሳል፣ ትንሽ ይጠብቅ ብዬ ነው።

ከዚያ ጻፍኳት።